የጫካ ሩጫ ከቤተሰብ ጋር፦ እንጦጦ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረን ለምንድን ነው?

ኅዳር ሲቃረብ አዲስ አበባን የሩጫ ወሬ ይይዛታል። ታላቁ ሩጫ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ራሱ ባይሮጥ እንኳ ጎረቤቱ ወይ የሥራ ባልደረባው ያልሮጠ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከወሬው ጋር ታዲያ አንድ ሐሳብ ተያይዞ ይመጣል፦ «ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን እንጦጦ ወጥተን ለምን አንሮጥም?»

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው አሯሯጡ ላይ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ከታክሲ ይወርዳል፣ አንድ ሁለት ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ዳገቱን ቀጥ ብሎ ይያያዘዋል። ብዙም ሳይቆይ አባት ወገቡን ይዞ ይቆማል። እናት «ጎኔን ወጋኝ» ትላለች። ልጆቹ ይሰለቻሉ። ፍርዱም እዚያው ይሰጣል፦ «አየሩ አይቻልም።»

እዚያው ተራራ ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ በየዓለሙ ውድድር የሚያሸንፉ ሯጮች በባሕር ዛፉ መሃል ሲሹለከለኩ ይታያሉ። በአንድ ረድፍ፣ ዝግ ብለው። ከአጠገባቸው የሚያልፍ ሰው ሲያወሩ ይሰማቸዋል። እነሱ የሚያውቁት፣ እኛ የከተማ ሰዎች ግን ያልያዝነው ነገር አለ። ይህ የጫካ አሯሯጥ ለአትሌት ብቻ የተፈጠረ አይደለም። እንዲያውም ለቤተሰብ እንደሱ የሚመች ሩጫ አላውቅም። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው።

የጫካ ሩጫ ሲባል ምን ማለት ነው?

አትሌቶች የሳምንቱን ልምምድ የሚለዩት በሚሮጡበት መሬት ነው። አስፋልት አለ፤ ፍጥነት የሚሠራበት፣ መኪና ሳይበዛ በማለዳ የሚወጣበት ቀን ነው። ኮረኮንች አለ፤ ጠጠርና አቧራ የበዛበት የገጠር መንገድ። ጫካም አለ። «ነገ ጫካ ነው» ከተባለ፣ ነገ የዝግታ ቀን ነው ማለት ነው።

የጫካ ቀን የተሠራ መንገድ የለውም። ሯጮቹ በአንድ ረድፍ ይሰለፋሉ። አንዱ ይመራል፣ ሌላው የፊቱን ሰው እግር እያየ ይከተላል። መሪው በዛፎቹ መሃል ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ወደ ቀኝ ይመለሳል፣ ዳገቱን አግድም ይቆርጣል፣ ትንሽ ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። ኪሎ ሜትር የሚቆጥር ብዙ የለም። የሚቆጠረው ሰዓት ነው፦ ዛሬ 50 ደቂቃ፣ ዛሬ 1 ሰዓት ከ10።

የፍጥነቱ ነገር ብዙ ሰው ይገርመዋል። ቀነኒሳ በቀለ መስከረም 2012 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ጨርሷል። እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ፣ ከ42 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያቋርጥ። እንዲህ ያሉ ፈጣን ሯጮች ጫካ ሲገቡ ግን አንዱ ኪሎ ሜትር የዚያን እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጊዜ ይወስድባቸዋል። አቅም አጥተው አይደለም። ለከባዱ ቀን እግራቸውን የሚያሳርፉት፣ ልባቸውንም የሚያሰፉት በዚህ ዝግታ ነው።

አሁን ቤተሰቡን አስቡት። በዓለም ፈጣን የሆነው ሰው ቀስ ብሎ የሚወጣውን ዳገት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ወንበር ላይ የዋለ አባት በሙሉ ኃይሉ ሊወጣው ይሞክራል።

እንጦጦ ላይ ኦክስጅን ያንሳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን ብዙዎቻችን እንደምናስበው አይደለም። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻም ሆነ እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ያው ነው፤ 21 በመቶ ገደማ። የሚለያየው የአየሩ ግፊት ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ከበላያችን ያለው አየር ይቀንሳል። የሚጫነው ሲቀንስ አየሩ ይሳሳል። አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ በሳብነው ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል።

በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። የባሕር ጠለሉን 100 እንበለው። አቃቂ አካባቢ፣ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ 78 ያህል ይሆናል። መሃል አዲስ አበባ፣ 2,400 ሜትር አካባቢ፣ 75 ገደማ ነው። እንጦጦ ላይ 3,000 ሜትሩን ስናልፍ ወደ 70 ይወርዳል።

ልዩነቱን ልብ በሉት። ከባሕር ዳርቻ የመጣ እንግዳ ከ100 ወደ 70 ይወርዳል። ከካዛንቺስ ወይ ከመገናኛ የወጣ ሰው ግን ከ75 ወደ 70 ነው። ይሰማል፤ አይካድም። ነገር ግን ሰውን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚጥል ልዩነት አይደለም።

ሰውነት ይህን ጉድለት እንዴት ነው የሚሞላው? ኦክስጅን የሚያመላልሱት ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው። እንደ ሚኒባስ ታክሲ አስቧቸው። ሳንባ መነሻቸው ነው፣ ጡንቻ መድረሻቸው። ቆላ ላይ ተራው በሰው የተሞላ ነው፤ እያንዳንዱ ታክሲ ጢም ብሎ ይነሳል። ከፍታ ላይ ተሳፋሪው ሳሳ ስለሚል ታክሲው ጥቂት ባዶ ወንበር ይዞ ይነሳል። መድረሻው ላይ የሚፈለገው ሰው ቁጥር ግን አልቀነሰም። ስለዚህ ምልልሱ ይበዛል፦ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። ዳገት ላይ ልባችን ሲደልቅ የምንሰማው ይህን ነው። ጤነኛ ሰውነት ሥራውን እየሠራ ነው እንጂ አልተበላሸም።

ከፍታው ላይ ለሚሰነብት ሰው ሁለተኛ መንገድ አለ፤ ታክሲዎቹን ማብዛት። ኩላሊት ኦክስጅን ማነሱን ሲያውቅ አንድ ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ መቅኔን «ቀይ ሕዋስ ጨምር» ይለዋል። ይህ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ከውጭ የሚመጡ ሯጮች ሱሉልታ ከርመው የሚሄዱት ለዚህ ነው። ለቅዳሜ ሽርሽር የወጣ ቤተሰብ ደሙ በአንድ ቀን አይለወጥም። ስለዚህ «ለመዱት» የሚባለው ነገር ለእኛ በአብዛኛው የእግርና የልብ ልምምድ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። ቀይ ሕዋስ ያለ ብረት ማዕድን አይሠራም። እኛ ዘንድ ከምግብ ላይ ተነስቶ ወዲያው ሻይ መጠጣት የተለመደ ነው። ሻይ ደግሞ ከምግቡ ወደ ደም የሚገባውን ብረት ይቀንሳል። በተለይ ሴቶችና በማደግ ላይ ያሉ ልጆች ሻዩን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ቢያርቁት ይጠቀማሉ። ትንሽ ዳገት ወጥቶ ከልክ በላይ የሚደክመው፣ ፊቱም የገረጣ ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ የደም ማነስ ምርመራ ማድረጉ አይከፋም።

ሩጫ በደማችን አለ ሲባልስ?

ይህን አባባል እወደዋለሁ፤ ግን ብዙ ሰው ዳገት ላይ እንዲሸማቀቅ አድርጓል። «ኢትዮጵያዊ ሆኜ እንዴት መሮጥ ያቅተኛል?» የሚል ቁጭት።

በደጋ ለብዙ ሺህ ዓመት የኖረ ሕዝብ ለከፍታ የተስማማ ነገር በአካሉ ላይ ሊኖረው እንደሚችል ተጠንቷል። በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች ደም ተመርምሮ፣ የሄሞግሎቢን (በቀይ ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘው ነገር) መጠናቸው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይርቅ ሆኖ ተገኝቷል። ደማቸው የያዘው ኦክስጅንም ጥሩ ነበር። ይህ ትልቅ ግኝት ነው። የሚነግረን ግን ሰው ደጋ ላይ በጤና እንዴት እንደሚኖር ነው። ማን ፈጣን ሯጭ እንደሚሆን አይነግረንም።

በቆጂን እንይ። 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች የአርሲ ከተማ ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡት ከዚያው ነው። ከፍታው አለ። ከከፍታው ጋር ግን በእግር የሚኬድ ትምህርት ቤት፣ የእርሻ ሥራ፣ ስንታየሁ እሸቱን የመሰለ ለዓመታት ማለዳ ማለዳ ልጆችን ሰብስቦ ያሠለጠነ መምህር ነበር። አበበ ቢቂላም እንዲሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ዋዜማ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በአሠልጣኙ በኦኒ ኒስካነን ሥር ለረጅም ጊዜ ተዘጋጅቷል። እነዚህ ሰዎች የሠሩትን ሥራ «ደም ነው» ብሎ ማለፍ ድካማቸውን መቀማት ይመስለኛል። የእኛንም ጀማሪነት እንደ ውርደት ያስቆጥራል።

ስለዚህ መገናኛ ተወልዶ ያደገ፣ በሊፍት የሚወጣ፣ በታክሲ የሚሄድ ሰው ለሩጫ ጀማሪ ነው። እንደማንም የዓለም ጀማሪ።

ለምን ይጠማዘዛሉ? ቀጥ ብለው ለምን አይሮጡም?

የጉዳዩ ልብ እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ምክንያት ዳገቱን ማለዘብ ነው። በ100 ሜትር ርቀት 20 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት አለ እንበል። ቀጥ ብሎ የወጣው ሰው በየአምስት እርምጃው አንድ እርምጃ ያህል ሽቅብ ይነሳል። ይህ ለልብ በጣም ከባድ ነው። አግድም እየቆረጠ፣ እየተመለሰ፣ መንገዱን 200 ሜትር ያደረገው ሰው የሚወጣው ያንኑ 20 ሜትር ነው። የዳገቱ ክብደት ግን በግማሽ ቀንሶለታል። ዳገት ሲከብድ ፍጥነት የሚቀንስ አሯሯጥ በራሱ በመሬቱ ውስጥ ተሠርቷል ማለት ነው። ሰው ራሱን «ቀስ በል» እያለ መታገል አያስፈልገውም።

ሁለተኛው እግር ነው። አስፋልት ላይ እግር መሬቱን የሚመታው በሺህ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ያው ጅማት፣ ያው መገጣጠሚያ። ጫካ ውስጥ ግን አንዱ እርምጃ ቅጠል ላይ፣ ሌላው ሥር አጠገብ፣ ሌላው ለስላሳ አፈር ላይ ያርፋል። ጫናው ይከፋፈላል። ቁርጭምጭሚትም ሚዛን መጠበቅ ይማራል።

ሦስተኛው ለቤተሰብ ዋነኛው ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ፈጣኑ ይሄዳል፣ ቀርፋፋው ይቀራል፣ ርቀታቸው እየሰፋ ነው የሚሄደው። የሚጠማዘዝ ሩጫ ላይ ግን መሪው በታጠፈ ቁጥር ከኋላ ያሉትን ጎን ለጎን ያገኛቸዋል። የደከመው ሰው መታጠፊያውን በአጭሩ ቆርጦ ይደርሳል። ማንም «ተውኳችሁ» ሳይባል ሁሉም አብሮ ይገባል።

እኛ ቤተሰቡን ይዘን ስንወጣ ክለብ ውስጥ የሚሮጥ የሰፈራችን ልጅ ነበር የመራን። የመጀመሪያው ትእዛዙ ለእኔ ነበር፦ «እትዬ፣ ዛፉን አይዩ፤ እግሬን ይዩ።» አነጋገሩ ቀላል ይመስላል። ዓይኔን ከጫማው ተረከዝ ላይ ስተክል ግን ስለ ዳገቱ ማሰብ አቆምኩ። የት እንደሚረግጥ አያለሁ፤ እዚያው እረግጣለሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ የእኔን እግር ይከተላል። የ9 ዓመቷ ልጃችን ግን አልቻለችም። ትፈተለካለች፣ ትቀድማለች፣ ከዚያ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። መሪያችን አልተቆጣትም። «በቃ ሚጡ፣ አንቺ ምሪን» አላትና ከትከሻዋ አጠገብ ሆነ። አንድ ሕግ ብቻ ሰጣት፦ «ከሦስት ዛፍ በላይ ቀጥ ብለሽ እንዳትሄጂ።» ሕጉ ፍጥነቷን ያዘው። በየሦስት ዛፉ መታጠፍ ያለበት ሰው መፈትለክ አይችልም። ከዚያ በኋላ ሁላችንም እያወራን ሮጥን።

መሬቱን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው። መጀመሪያ አገሩ አውስትራሊያ ሲሆን፣ ከተማዋ የማገዶ እጥረት ስላስጨነቃት ነው የተስፋፋው። የተወደደበት ምክንያት ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ማቆጥቆጡ ነው። ለሯጭ ግን ያው ባሕርይ አደጋ አለው። መሬቱ ላይ ቁመታቸው ከቁርጭምጭሚት የማይበልጥ፣ በቅጠል የተሸፈኑ ጉቶዎች ሞልተዋል። በገጀራ ሰያፍ የተቆረጠ ቀጭን ግንድ ጫፉ እንደ ችካል የሾለ ነው። የዛፉ ፍሬም አለ፤ ድንቡልቡል፣ ጠንካራ፣ እግር ሥር የሚንከባለል። ልጆች ለቅመው ኪሳቸውን ይሞሉበታል፤ ቁልቁለት ላይ የረገጠው ሰው ግን ይንሸራተታል። ስለዚህ መሪው ጉቶ ሲያይ በጣቱ ወደ መሬት ያመለክታል። የተከተለው ለኋላው ያመለክታል። ይህን ምልክት ልጆች ቶሎ ይለምዱታል፤ ደግሞም ደስ ይላቸዋል።

«ቀስ» ማለት ስንት ነው?

መለኪያው አፋችን ነው። እየሮጥን ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልን ልክ ነው። ሁለት ሁለት ቃል ከሆነ ፈጥነናል። ጭራሽ መናገር ካቃተን ቆመን መራመድ አለብን።

ለጀማሪ ሁለት ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ መራመድ፣ ይህን እየደጋገሙ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት በቂ ነው። ዳገቱ ከበድ ሲል መራመድ የሚያሳፍር ነገር የለውም። አትሌቶቹ ራሳቸው ሲነሱ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ የሚሮጡት ከፈጣን እርምጃ ብዙም በማይሻል ፍጥነት ነው።

ልጆችና አያቶችስ?

ልጅ እንደ አዋቂ ወጥ ፍጥነት ይዞ ለረጅም ጊዜ መሮጥ ተፈጥሮው አይደለም። ይፈተለካል፣ ይቆማል፣ ድንጋይ ያነሳል፣ እንደገና ይፈተለካል። ይህ ጉድለት ሳይሆን የልጅ አሯሯጥ ነው። ደቂቃ እየቆጠርን ባናስጨንቀው፣ መሪነቱን እያፈራረቅን ብንሰጠው ይሻላል። ካለቀሰ ወይ ደከመኝ ካለ ደክሞታል፤ እዚያው ይብቃ።

ለአያቶች የእግር ጉዞ ራሱ ከባድ ስፖርት ነው። 3,000 ሜትር ላይ ዳገት መራመድ ልብን በደንብ ያሠራል። እናቴ ጋቢዋን ደርባ በተጠረገው መንገድ እየተራመደች፣ እኛ በጫካው ስንጠማዘዝ በየጥቂት ደቂቃው እንገናኝ ነበር። የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም አስም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ከመውጣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። አስም ያለበት ልጅ መድኃኒቱን ኪሱ ውስጥ መያዝ አለበት። የማለዳው ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ሊያስነሳበት ይችላል።

ምን እንልበስ? ምን እንብላ?

ጫማው ውድ መሆን የለበትም። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ መሬት የሚይዝ ይሁን። ከሰልባጅም ጥሩ ይገኛል፤ ሲገዙ ሶሉን ማጠፍና ከፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ መኖሩን ማየት ነው። ጣት ጫፉን የሚነካ ጫማ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ያጠቁራል። ከላይ ሁለት ስስ ልብስ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ሰውነት ሲሞቅ አንዱ ይወልቃል። ኮፍያ አይረሳ። ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ባትሞቅም ቆዳን ታቃጥላለች።

ሆድ ሞልቶ መሮጥ ጎን ይወጋል። ቁርስ ሲመለሱ ይደርሳል። ባዶ ሆድ የማይችል ትንሽ በሶ በውኃ በጥብጦ ቢጠጣ ይበቃዋል። በሶ የአትሌቶቹም ስንቅ ነው። ጾም ላይ ሆኖ ውኃም የማይቀምስ ሰው ያን ቀን በእርምጃ ቢወሰን ጥሩ ነው።

የት እንሂድ? በስንት ሰዓት?

እንጦጦ በሽሮ ሜዳ በኩል ታክሲ አለው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የተነጠፈ መንገድ፣ ማረፊያና መጸዳጃ ስላለው ትንንሽ ልጆች ላሉት ይመቻል። ዳገቱ የከበደው ቤተሰብ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ቢወርድ ሰፊና ሜዳማ መሬት ያገኛል። ሜዳ ነው ብላችሁ ግን እንዳትፈጥኑ። ሱሉልታም ከ2,600 ሜትር በላይ ናት።

አትሌቶች ገና ሳይነጋ ይወጣሉ። ቤተሰብ እነሱን መከተል የለበትም። የእንጦጦ ጫካ ጅብ አለው፤ ሯጮችም ጨለማ ላይ ተሰባስበው የሚሮጡት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፀሐይ ወጥቶ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ብርዱም ይሰበራል፣ ጉቶውም ይታያል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁሌም አብራችሁ ሁኑ። ከተለመደው መንገድ ርቆ ብቻን መግባት አያስፈልግም። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ሥር እየተጠፈጠፈ እግርን ስለሚያከብድና ስለሚያንሸራትት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስከረም በኋላ ያሉት ወራት ይመረጣሉ።

ጫካው ውስጥ ጠበብ ያሉ የእግር መንገዶች ታያላችሁ። ብዙዎቹን ያወጧቸው እንጨት የሚሸከሙ ሴቶች ናቸው። ከቁመታቸው የሚረዝም ጭነት አጎንብሰው ተሸክመው፣ ቁልቁለቱን ወደ ከተማ ይወርዳሉ። ጭነቱ ግራና ቀኝ ስለሚወጣ መንገዱን ሙሉ ይይዛል። በዚያ ክብደት መቆምና ገሸሽ ማለት ለእነሱ ከባድ ነው። ስለዚህ ገሸሽ የምንለው እኛ ነን። ልጆች ከሩቅ ሲያዩአቸው ወደ ላይኛው ጎን ወጥተው ይቁሙ፣ ያሳልፉ፣ «እግዜር ያበርታችሁ» ይበሉ።

መቼ ነው ማቆም ያለብን?

ማለክለክና የልብ መደለቅ ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ ይሰክናሉ። ካልሰከኑ ያን ቀን ሩጫው አብቅቷል። የደረት መጨናነቅ፣ ወደ ክንድ ወይ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ማዞር፣ ራስን መሳት፣ የከንፈር መጥቆር ከታየ ዕረፍት ብቻ አይበቃም። ሰውየውን አስቀምጦ፣ ልብሱን አላልቶ፣ በመኪና ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። በእግሩ እንዲወርድ አይደረግም።

ከዚያ ውጭ በማግሥቱ ጭን ቢታመም አትደንግጡ። ሕመሙ ከዳገቱ ይልቅ የቁልቁለቱ ነው። ስንወርድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደታችንን የሚይዘው፣ ያልለመደ ጡንቻም ይቆስላል። በሁለተኛው ቀን ይብሳል፣ ከዚያ ይለቃል። በሁለቱም እግር እኩል የተሰማ የጡንቻ ሕመም ጤነኛ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ በተለይ ጉልበት ወይ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ እብጠት ያለው ሕመም ግን መታየት አለበት። ጭኑ እስኪለቅ በቀላሉ መራመድ ጥሩ ነው፤ ሲለቅ ደግሞ መልሶ ጫካ መውጣት ይቻላል።